የገዛ ወገን ሲሸነፍ



ተፎካካሪ ኮሮጆ ገለበጠ ብሎ መጮኽ ድፍረት አይጠይቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቅበታል። ዛሬ የማወሳችሁ የገዛ ፓርቲያቸውን ሽንፈት በፊርማቸው ያጸደቁ ሰዎችን ነው። ነገሩ የሆነው በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የጆርጂያን ምርጫ በበላይነት የመሩት ብራድ ራፈንስፐርገር መሐንዲስም ሪፐብሊካንም ናቸው፤ የመረጡትም ትራምፕን ነበር። ግዛቱ አምስት ሚሊዮን ያህል ድምፅ ሦስት ጊዜ ቆጠረ፣ አንዱን ጊዜ በእጅ። ሦስቴም ባይደን አሸነፉ፤ የመጨረሻው ልዩነት 11,779 ሆነ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ትራምፕ ደወሉላቸውና አንድ ሰዓት ያህል ከተነጋገሩ በኋላም ሐሳባቸው ያው ነበር፤ 11,780 ድምፅ ይገኝልኝ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ፤ ከልዩነቱ የሚበልጠው በአንድ ብቻ ነው። ድምፄ ተሰረቀ የሚል ሰው የተሰረቀው ሁሉ እንዲመለስለት ይጠይቃል እንጂ ለማሸነፍ የሚበቃውን ለክቶ አይጠይቅም። ራፈንስፐርገርም ትራምፕ የያዙት መረጃ ስህተት ነው ብለው መለሱ። 

የስልክ ንግግሩ ተቀድቶ ስለነበር ዓለም ሰማው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ስሙ ብዙም የማይነሳ ሰው ነው፤ የሚሺጋኑ ሪፐብሊካን ኤረን ቫን ላንግቬልድ። እሳቸው የነበሩበት፣ የግዛቱን ውጤት የሚያጸድቀው ቦርድ አራት አባላት አሉት፤ ሁለት ከሪፐብሊካን፣ ሁለት ከዴሞክራት። ባይደን ያሸነፉት ከ154,000 በሚበልጥ ድምፅ ቢሆንም ሁለቱ ሪፐብሊካኖች እምቢ ካሉ ማጽደቁ ይቆማል። የፓርቲው የአገርና የግዛት ሊቃነ መናብርትም ጉዳዩ ለሁለት ሳምንት ይዘግይ የሚል ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ኖቬምበር 23 ቀን 2020 ለሰዓታት በዘለቀው ስብሰባ ቫን ላንግቬልድ ደጋግመው የጠየቁት ደረቅ ጥያቄ ነበር፤ ቦርዱ አላጸድቅም የሚልበት ሥልጣን በሕጉ የት አለ? የትም የለም። ስለ ዴሞክራሲ ያማረ ንግግር አላሰሙም፤ ከሁለቱ ዴሞክራቶች ጋር ድምፃቸውን ሰጡ። የፓርቲ ባልደረባቸው ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ውጤቱ 3 ለ0 ጸደቀ። የሥራ ዘመናቸው በጃንዋሪ ሲያበቃ ፓርቲው መልሶ አላጫቸውም።

ዋጋው ለሁሉም አንድ አልነበረም። የምርጫ ስርቆት ክሱን ያልተቀበሉት ሪፐብሊካኗ የምክር ቤት አባል ሊዝ ቼኒ በ2022 ከራሳቸው ፓርቲ በቀረቡ ተወዳዳሪ ክፉኛ ተሸንፈው የምክር ቤት ወንበራቸውን አጡ። ራፈንስፐርገር ግን በዚያው ዓመት የፓርቲያቸውን ቅድመ ምርጫ አሸንፈው ዳግም ተመረጡ። ስለዚህ ሕዝቡ ሁልጊዜ ይቀጣል የሚለውን ማመካኛ አልቀበለውም።

እነዚህን ሰዎች ባከብርም የሚሊዮኖች ድምፅ በአንድ ሰው ህሊና ላይ መንጠልጠሉ ያስፈራኛል። በቫን ላንግቬልድ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሌላ ቢሆንስ ኖሮ? የሚሺጋን መራጮችም ይህን ያሰቡበት ይመስላል። በኖቬምበር 2022 የግዛቱን ሕገ መንግሥት ሲያሻሽሉ፣ ውጤት ማጽደቅ በተቆጠረው ድምፅ ላይ ብቻ የሚመሠረትና የቦርድ አባላት እንዳሻቸው የሚያደርጉት ያልሆነ ግዴታ እንዲሆን ደነገጉ። ማሻሻያውን 60 በመቶ ያህሉ ደገፈው።