ወርቀ ዘቦ ግምጃና የመተማ መንገድ



በየመሥሪያ ቤቱ ብሎንና ቅባት ተከማችቶ የሚገኝበት ክፍል «ግምጃ ቤት» ይባላል። ስሙ የመጣው ግን ከጨርቅ ነው፤ ግምጃ የከበረ ሐር ነውና። በወርቅ ክር ያጌጠው ደግሞ ወርቀ ዘቦ ይባላል።

በመካከለኛው ዘመን የባግዳድና የካይሮ ኸሊፋዎች «ጢራዝ» የሚባል የቤተ መንግሥት ሸማኔ ቤት ነበራቸው። በዚያ የሚሠራው ልብስ የገዢውን ስም በጠርዙ ይዞ ለባለሟሎች ይሸለም ነበር። ካባ መሸለም በእኛም ቤተ መንግሥት የታወቀ ስለ ሆነ ትርጉሙን ማስረዳት አያሻም።

አሠራሩ ግን ማስተዋልን ይጠይቃል። ድፍን የወርቅ ሽቦ ከባድና ግትር ነው። ስለዚህ ወርቅ የተቀባ ብር በስሱ ይቀጠቀጥና እንደ ጥብጣብ ተቆርጦ በሐር ክር ላይ ይጠመጠማል። ርካሹ ዓይነት ወርቁን በከብት አንጀት ስስ ቆዳ ላይ የለጠፈ ነው። በሸማው ላይ የሚወጠረው ድሩ በመሆኑ፣ የወርቁ ክር አብዛኛውን ጊዜ ማግ ሆኖ ይገባል። ጉተታውን የሚችለው ሐሩ ነው።

መተማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበትን ጦርነት ነው። ቦታዋ ግን የቅፍለት በር ነበረች። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ በስናርና በጭልጋ በኩል በ1691 ዓ.ም. ጎንደር ገብቷል፤ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. በዚያው ቆላ አድርጎ ወደ ስናር ወርዷል። የሐር ዋናው በር ምጽዋ ቢሆንም፣ የምዕራቡ በር የናቁት አልነበረም። በዚህ በር ቡናና ሰም ብቻ ሳይሆን፣ ሊሸሸግ የማይገባው፣ ባሪያም ይሸጥ ነበር።

የቆላ ሙቀትና ምስጥ ጨርቅ አያከርሙም፤ ማስረጃው የሚገኘው በደጋው ነው። በትግራይ፣ በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ ገዳም የተጠበቁትን የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም አገር ጨርቆች አንቶኒዮ ሞርዲኒ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጽሑፍ አስተዋውቋል።

በሌላው ዓለም ብዙው ወርቀ ዘቦ የጠፋው በእሳት ነው። ሐር በእሳት ይቃጠላል፤ ወርቅ ግን የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ያረጀውን ልብስ አቃጥሎ ከአመዱ ማዕድኑን መልቀም ትርፍ ነበረው። በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ያለውን አሮጌ ካባ የሚያሰጋው ግን እጥፋት ነው፤ በአንድ መሥመር ዘወትር ሲታጠፍ ጥብጣቡ ሐሩን ይቆርጠዋል። ብሩም ከአየር ድኝ አግኝቶ ሲጠቁር በሎሚ ወይም በአመድ የሚፈትጉት አሉ፤ ከጥቁረቱ ጋር ቅቡም ይታጠባል። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ጠቅልሎ በየእጥፋቱ ውስጥ ማስገባት ከሁለት ብር የማይበልጥ ድካም ነው ለማለት ባይቻልም፣ ከማንኛውም ዕቃ ቤት አቅም በላይ አይደለም።