ስለ ዶሮዎች ድንገተኛ እልቂትና ስለ ጎረቤት ኀላፊነት
(ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የማቀርበው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገሩ ስለ ዶሮ ነውና። ነገር ግን በየጓሮው የሚጭሩት አምስት ወይም ስድስት ዶሮዎች ለብዙ ቤተ ሰብ የጨውና የበርበሬ መግዣ፤ የልጆች ደብተር መሸመቻ፤ የበዓልም ክብር መሆናቸውን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። የቤት እመቤት ማንንም ሳትጠይቅ የምታዝበት ገንዘብ ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ ከእንቁላል ሽያጭ የምታገኘው ነው። ስለዚህ ዶሮዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲያልቁ ጉዳቱ በቆጡ ላይ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ወደ ቤቱ ይገባል።

ነገሩ ሲጀምር እንዲህ ነው። ማታ ደኅና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጧት ሞታ ትገኛለች። በማግሥቱ ሌላይቱ ላባዋን አንጨፍርራ ትቆዝማለች፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ ቀጭንና አረንጓዴ ኩስ ትጥላለች። ቀን ሲጨመር ያልሞቱት አንገታቸው ይጠመዘዛል፤ ክንፋቸውና እግራቸው ይዝላል። ያን ጊዜ አንዱ «ነፋስ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «የሰው ዐይን ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «መርዝ አበሉብኝ» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሕመም ምስጢር አይደለም። ሕዝባችን ከጥንት ፈንግል ብሎ የሚጠራው፤ የሳይንስ ሊቃውንትም የኒውካስል በሽታ የሚሉት ነው። ይህንን ስም ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. በታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው፤ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቷል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ብርቱ የሆነው ዓይነት በ1971 እ.ኤ.አ. በአስመራ በአንድ የዶሮ እርባታ መታየቱ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም በየአገሩ ተዛምቷል። ክትባት ባላገኙ ዶሮዎች መካከል ሲገባ ከመንጋው አንድም ሳያስቀር ሊፈጅ ይችላል።

የሕመሙ ምክንያት ቫይረስ ነው። ይኸውም በታመመው ዶሮ ትንፋሽና ኩስ ይወጣል፤ በጫማ፤ በቅርጫት፤ በውሃ መጠጫና በላባ ወደ ሌላው ይሻገራል። ዶሮው በሽታውን ከያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ከገበያ ጤነኛ መስሎ የተገዛው አውራ ዶሮ በሽታውን ተሸክሞ ወደ ጓሯችን ሊገባ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በዓል በቀረበ ጊዜ ደግሞ ብዙ ዶሮ ከሩቅ ይመጣል፤ ያልተሸጠውም ተመልሶ ከመንጋው ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ አደጋው ይበረታል።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። የሚሞት ዶሮ ሁሉ በፈንግል የሞተ አይደለም። ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ቢጥሉ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጊዜው ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። በኩክኔውና በዐይኑ ዙሪያ ቅርፊት ያለው ቁስል ቢወጣ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዶሮዎችም በአንድ ጊዜ ሲረግፉ የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ እርሱ ለሰው ሕይወት አስጊ ነውና። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለ ሆነ ከግምት ይልቅ እርሱን መጥራት ይሻላል።

ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚፈውስ መድኃኒት የለውም። ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን ዱቄት በውሃ በጥብጦ ማጠጣት የተለመደ ቢሆንም ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ከዚህም በላይ ቅሪቱ በእንቁላሉና በሥጋው ውስጥ ሆኖ ወደ ልጆቻችን ገበታ ይደርሳል።

ከበሽታው ይልቅ የሚያሳዝነው ግን እኛ የምንፈጽመው ነው። ሁለት ዶሮ የሞተበት ሰው «የቀሩትስ ሳይሞቱ» በማለት ወደ ገበያ ይቸኩላል፤ የሞቱትንም ከአጥር ውጭ ይጥላል። እንዲህ የሚያደርገው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ያለውን ሁሉ እንዳያጣ ስለ ደነገጠ ነው። ነገር ግን እርሱ ያዳናት ጥቂት ብር የአሥር ጎረቤቶቹን ቆጥ ባዶ ታስቀራለች፤ ውሎ አድሮም እርሱ ራሱ ለመተኪያ የሚገዛው ዶሮ ያጣል።

ስለዚህ ሕመሙ በታየ ጊዜ ይህ ይደረግ፤

አንደኛ፤ ከመንጋው አንድም ዶሮ አይሸጥ፤ ለዘመድም አይሰጥ፤ የታመሙትም ከጤነኞቹ ተለይተው ይቀመጡ።

ሁለተኛ፤ ለቀበሌና ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ይነገር።

ሦስተኛ፤ የሞተው በባዶ እጅ ሳይነካ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ አይበላም።

አራተኛ፤ ቆጡ ተጠርጎና ታጥቦ ፀሐይ ይግባበት፤ አዲስ የሚገዛ ዶሮም ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ዋናው መከላከያ ግን ክትባት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ለፈንግል የሚሆነው ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይዘጋጃል። ከክትባቱ ዓይነቶች መካከል ሙቀትን የሚችለው በዐይን አንዲት ጠብታ ሆኖ ይሰጣል፤ በየሦስትና በየአራት ወሩም ይደገማል። የሚሰጠውም ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ ኀይሉ እስኪጸና ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋልና፤ በሽታው ከገባ በኋላ ቢሮጡ አያድንም። ስለዚህ ከበዓላት በፊትና ዝናብ ሳይገባ መዘጋጀት ይገባል።

ታዲያ ብዙ ሰው ለምን አያስከትብም? አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንድ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያም በላይ ለሆኑ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን በአንድ ቤት ያሉት ግን አምስት ወይም ስድስት ናቸው። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለሌላ ቀን አይቆይም። አንድ ቤት ብቻውን ቢገዛ አብዛኛው ይደፋል። ሃያ ቤቶች ቀን ቈርጠው ገንዘባቸውን ቢያዋጡ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ይሆናል፤ መንደሩም በሙሉ ይጠበቃል። ዕድርና ዕቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ክቡራን ሹማምንት፤ በእናንተም በኩል የሚጠበቅ ሥራ አለ። የክትባቱ ቀን አስቀድሞ ይታወጅ፤ ባለሙያውም በቀኑ ይገኝ። ከሁሉም ይልቅ ዶሮ ሞተብኝ ብሎ የመጣ ሰው ተግሣጽ ሳይሆን ምስጋና ይቀበለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሰው የሚደብቀው ግን መናገሩ የሚያስቀጣው ሲመስለው ነው። የመጀመሪያዋን ሟች ዶሮ ፈጥኖ የተናገረ ሰው የጎረቤቶቹን መንጋ ያተረፈ ስለ ሆነ እንደ ባለ ውለታ ሊታይ ይገባዋል።