«ሊያልቅ 2 ሰዓት ቀረው»፦ በቅናሽ የገዛነው ወይን ሒሳብ

(በማኅበራችን የሚያዝያ ወር ስብሰባ ላይ ከድግስ አዘጋጆች ቡድን የቀረበ ንግግር)



ቡናው እስኪፈላ ነው፣ ብዙ አናቆያችሁም። ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችሁ አንዷ «የድግስ ቡድኑ የጥሩን ሠርግ ሒሳብ ለምን አላቀረበም?» ብላ ጠይቃ ነበር። እውነቷን ነው። ያላቀረብነው አፍረን ነው። ገንዘቡ ግን የእኛ የሰባታችን ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ከማኅበሩ የተበደርነው ስለሆነ የማወቅ መብት አላችሁ።

እንደምታውቁት በወጥና በእንጀራ ማንም አያታልለንም። ቅቤ ሳናሸት፣ ማር በጣታችን ሳንቀምስ ገዝተን አናውቅም። ለበርበሬ እንኳ መርካቶ ወርደን ሦስት አራት ሱቅ እንዞራለን። 60 ጠርሙስ ወይን ግን ሳናይ፣ ሳንቀምስ፣ የሻጩን ፊት ሳናውቅ ገዛን። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት የ200 ሰው ሠርግ ተቀበልን። ደንበኛችን ከቢራውና ከጠጁ ሌላ «የውጭ ቀይ ወይንም ይኑር» አለች። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሲቀዳ 5 ብርጭቆ፣ እጅ ጠበቅ ከተደረገ 6 ይወጣዋል። 60 ጠርሙስ ለአንድ ሰው ብርጭቆ ተኩል ያህል ይደርሳል፤ ሁሉም ወይን ስለማይጠጣ ይበቃል አልን። ሁልጊዜ የምንገዛበት የሰፈራችን መጠጥ ቤት ዋጋው 1,200 ብር ነው ብሎናል፤ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ያልተከፈተውንም መልሶ ይቀበላል።

በዚያው ምሽት አንዷ ስልኳ ላይ ማስታወቂያ ደረሳት። የቴሌግራም ቻናል ነው። እኛ የምንፈልገውን ያንኑ ወይን ፎቶውን አስቀምጦ «1,800 የነበረ፣ ዛሬ ብቻ 1,050፤ 80 ጠርሙስ ብቻ ቀርቷል፤ ሊያልቅ 2 ሰዓት ቀረው» ይላል። ከሥሩ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሰዓት ሲቆጠርባችሁ ልብ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በጠርሙስ 150፣ በ60 ጠርሙስ 9,000 ብር እናተርፋለን፣ ትልቅ ድስት እንጨምርበታለን አልን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ 63,000 ብር በቴሌብር ላክን።

ሒሳብ ያዥ የላችሁም ወይ ትሉ ይሆናል። አለችን። ይህን ንግግር የጻፈችው እሷ ናት፤ ያንን ክፍያ ያጸደቀችውም እሷው ናት።

እንዲህ ያለው ሽያጭ ሁሉ ማታለያ ነው አንልም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ቫንት ፕሪቬ ይባል የነበረው ድርጅት በዚህ መንገድ ነው ስም ያተረፈው። የልብስ ፋብሪካዎች ሳይሸጥ የቀረባቸውን ዕቃ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ለተመዘገቡ አባላት ብቻ በቅናሽ ያወጣል። ፋብሪካው ሱቅ ውስጥ ዋጋ ቢቀንስ በሙሉ ዋጋ የሚገዛውን ደንበኛ ስለሚያጣ፣ ትርፉን ዕቃ በጎን ይሸጠዋል። ወይንም እንደዚያው ነው፤ አዲሱ ምርት ሲገባ ያለፈው ዓመት ካርቶን መጋዘን ይይዛል፣ አስመጪውም በቅናሽ ሊለቀው ይችላል። ይህ እውነተኛ ቅናሽ ነው። ልዩነቱን የምታውቁት ግን የገበያውን ዋጋ አስቀድማችሁ ስታውቁ ነው። እኛ ከሠርጉ በኋላ ከአብነት እስከ ሜክሲኮ አራት ሱቅ ዞረን ጠየቅን፤ ከ1,150 እስከ 1,300 ነው። 1,800 የሚል ሱቅ አላገኘንም። 750 ብር የተቀነሰ የመሰለን ወይን ከሰፈራችን ዋጋ የቀነሰው 150 ብር ብቻ ነበር። ሠርግ ደርሶብን ስለነበር በፊት መዞሩን ረሳነው።

ዕቃው ሐሙስ መጣ፤ ማድረሻ 2,400 ብር ከፈልን። የአንዳንዱ ጠርሙስ ቡሽ ከአፉ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ አንገቱም ይጣበቃል። ያኔ ትርጉሙን አላወቅንም። ወይን ሙቀት ሲያገኘው ይነፋና ቡሹን ይገፋዋል፤ በዚያ አየር ከገባ ይኮመጥጣል። ፀሐይ በሚያቃጥለው የቆርቆሮ መጋዘን የከረመ ይመስለናል። ሐሙስ ዕለት አንዱን ከፍተን ብንቀምሰው ኖሮ ይህ ንግግር ባላስፈለገ።

የከፈትነው እሁድ፣ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከሙሽራዋ ዘመዶች አንድ አዛውንት ብርጭቆውን አሸተቱና መልሰው አስቀመጡት። ቀስ ብለው «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ኮምጣጤ ነው» አሉን። ሰው ፊት ስላላዋረዱን እግዜር ይስጣቸው። ከከፈትነው 46 ጠርሙስ 9ኙ እንደዚያው ሆነ፤ የቀሩትን 14 ለመክፈት እጃችን ፈራ። አንዷ ነጠላዋን አደግድጋ በባጃጅ ሰፈር ሄደች፣ 12 ጉደር ይዛ መጣች። ብዙው እንግዳ እንዲያውም ጉደሩን ወደደው። እዚህ ላይ ሳንጠቅስ የማናልፈው፣ የአዋሽ ጉደርና አክሱሚት፣ ከዝዋይ የሚመጡት ሪፍት ቫሊና አካሺያም እያሉ «የውጭ ካልሆነ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ዝም ማለታችን ነው። ቢያንስ አማራጩን ልንነግራት ይገባ ነበር።

ሒሳቡ ይኸው። ማድረሻው ሲጨመር አንድ ጠርሙስ 1,090 ብር መጣ። 46ቱ 50,140 ብር ነው፤ የተጠጣው 37 ብቻ ስለሆነ አንዱ ጥሩ ጠርሙስ 1,355 ብር ወጣበት ማለት ነው። የሰፈራችን ሰው 1,200 ነበር ያለን። ደንበኛችንን ለ9ኙ ጠርሙስም ሆነ ለጉደሩ አላስከፈልናትም፤ የተበላሸው 9,810፣ ጉደሩ 6,000፣ በድምሩ 15,810 ብር ከኪሳችን ወጣ። 14ቱ ጠርሙስ ደግሞ 15,260 ብር ይዘው ቁጭ ብለዋል።

ለሻጩ ጻፍንለት፤ አነበበው፣ አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን ብሎክ አደረገን። በሌላ ስልክ ገብተን ስናይ እኛ 60 ከገዛን በኋላም «80 ጠርሙስ ብቻ ቀርቷል» ይላል፣ ሰዓቱም ከ2 ሰዓት ጀምሮ እንደገና ይቆጥራል። መሳቅ ያቃተን እዚያ ላይ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ መብት ይሰጣል። ግን ማንን እንከሳለን? በእጃችን ያለው የቻናል ስምና የተላከበት የቴሌብር ቁጥር ነው። ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ለግብርም ወጪ ሆኖ አይያዝልንም።

አሁን በቡድናችን ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ግዢ ሁለት ሰው ሳይፈርም አይከፈልም። የመጠጥ ግዢ ከሆነ አንድ ጠርሙስ አስቀድሞ ተገዝቶ ይቀመሳል፤ የቀረው ክፍያ ዕቃው ሲደርስ ነው። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ሰዓቱ ይቁጠር።

የቀረን ጥያቄ አለ። የብድሩ የግንቦት ክፍያ 15,000 ብር ነው፤ ግማሹን በግንቦት፣ ግማሹን በሰኔ እንድንከፍል እንለምናለን። ስትስማሙ እጅ በማውጣት ትወስኑልናላችሁ። 14ቱ ጠርሙሶች ጓዳ ውስጥ በጎናቸው ተጋድመዋል። ቡናው ሲያልቅ አንዱን እዚሁ ፊታችሁ እንከፍተዋለን፤ መጀመሪያ የምንቀምሰው እኛ ነን።