ዛሬ የምንመርጠውና ቆይቶ የሚደርስብን
(በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)

 

የመዋጮውን ነገር ከማንሳታችን በፊት ስለ አእምሯችን ጥቂት እንናገራለን። እኛ ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት የለንም፤ ከተማሩት የሰፈራችን ልጆች ጠይቀን የተረዳነውን ነው የምናካፍላችሁ።

ሕፃን የጋለ ምጣድ ቢነካ ወዲያው ያቃጥለዋል፤ ሁለተኛ አይደግመውም። ችግሩ ውጤቱ ሲዘገይ ነው። ታይፎይድ የምንለውን የአንጀት ተስቦ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የተበከለ ውሃ ወይም ምግብ ከወሰድን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው። እኛ ግን ስንታመም የምንረግመው ትናንት የበላነውን ጥብስ ነው። ያን ያልፈላ ውሃ ማን ያስታውሰዋል? ጥብሱ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል፤ ውሃውም ሳይፈላ መጠጣቱ ይቀጥላል።

ጆን ጋርሲያ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህን መሰል ነገር በአይጦች መርምረዋል። ጣፋጭ ውሃ ጠጥተው እንዲታመሙ የተደረጉ አይጦች ያንን ጣዕም በኋላ ይሸሹታል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ቢመጣም እንኳ። አእምሮ የሆድን ሕመም ከቀመሰው ነገር ጋር ለማያያዝ ፈጣን ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ይስታል።

ቮልፍራም ሹልትስ የተባሉ ሊቅ ደግሞ ለጦጣዎች ጭማቂ እየሰጡ አንጎላቸውን ተከታተሉ። ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት መጀመሪያ የሚነቁት ጭማቂው ሲመጣ ነበር። ከጭማቂው በፊት ምልክት ማሳየት ሲለመድ ግን ገና በምልክቱ መንቃት ጀመሩ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀርም ጸጥ አሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አብራርተዋል። እኛ የተረዳነው፣ አእምሮ ሩቁን ነገር ለመያዝ በመካከል ምልክት እንደሚረዳው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የዕድር መዋጮ የሚከብደው ዛሬ ነው፤ ብሩ ከኪስ ሲወጣ ይታያል። ጥቅሙ ግን የሚመጣው በለቅሶ ቀን ነው፣ ምናልባት ከ10 ዓመት በኋላ። ሁላችንም ዶሮ ማነቂያ ሳለን የጎረቤት ድንኳን ሲተከል በዓይናችን እናይ ነበር፤ ምልክታችን እሱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን ተበታተንን። ታዲያ አሁን «ምን አገኘሁ ብዬ ነው የምከፍለው?» የሚል በዛ። ይህ ክፋት አይደለም፤ ምልክት ማጣት ነው።

ጥፋቱም የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛም ያልከፈለውን ስም ስንለጥፍ ኖርን እንጂ ገንዘቡ የሠራውን ሥራ አልነገርናችሁም። ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ ስንት ለቅሶ እንደተደረሰ፣ ድንኳኑና ወንበሩ የት እንደዋለ፣ ለሐዘንተኛው ምን እንደተሰጠ በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ርቀው ለሄዱትም በስልክ እንነግራለን።

ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ውዝፍ ያለበት ጎረቤት ስታገኙ አትቆጡት፤ አስታውሱት። ዛሬ ብንተወው ዛሬ ምንም አይጎድልብንም። የሚጎድለው ቀኑ ደርሶ ሬሳ የሚያነሳ ሰው ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩን ከዛሬው ቸልታችን ጋር የሚያያይዝ አይኖርም።