ኢንሱሊንና የሰውነት ክብደት
(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ስኳር በሽታ ነው። ይኸውም ስለ በሽታው ሁሉ ሳይሆን፥ በመሥሪያ ቤት በሻይ ሰዓት በሹክሹክታ ስለሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም «የኢንሱሊን መርፌ ከጀመርሁ ወዲህ እየወፈርሁ ሄድሁ፤ መርፌውን ብቀንሰው ምን ይጎዳኛል?» የሚል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ መልሱን የሳተ ሰው ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

መልሱን ለመረዳት አስቀድሞ ኢንሱሊን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የበላነው እንጀራ ወይም ዳቦ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ለሰውነት ኀይል እንዲሆን የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ፥ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል፥ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛም በሽንት ይፈሳል። ያን ጊዜ በሽተኛው እየበላ ይራባል፤ እየጠጣ ይጠማል፤ ሰውነቱም ከዕለት ወደ ዕለት ይመነምናል።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ በሽታ ጠንክሮ የያዘው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። ሐኪሞችም የነበራቸው ዘዴ ምግቡን እጅግ ማሳነስ ብቻ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት አወጡ። በ1922 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ሞት አፋፍ ላይ ሳለ ይህን መድኃኒት ተወጋና ነፍስ ዘራ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ። እንግዲህ ዛሬ «ብቀንሰውስ» የምንለው መርፌ፥ ለዚያ ልጅ የሕይወትና የሞት ድንበር የነበረው መድኃኒት ነው።

ታዲያ ስለ ምን ያወፍራል? የተቀደደ ስልቻ እህል ቢጨምሩበት አይሞላም፤ የገባው በቀዳዳው ይፈሳልና። ቀዳዳው በተደፈነ ጊዜ ግን፥ ያው ፊት ይጨመርበት የነበረው እህል ስልቻውን ሞልቶ ይተርፈዋል። የስኳር በሽተኛም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን ሲጀምር በሽንት ይፈስ የነበረው ምግብ በሰውነቱ ይቀራል፤ አበላሉ ግን እንደ ቀድሞው ከሆነ ትርፉ ስብ ይሆናል። ከዚህም በላይ የደሙ ስኳር እንዳይወርድበት የሚፈራ ሰው ያለ ሰዓቱ መብላት ያዘወትራል፤ ይህም ያወፍረዋል።

እስቲ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እናስብ። በሽታው በጀመረው ጊዜ ባልደረቦቹ «ምነው ከሱ?» ይሉታል። ኢንሱሊን ጀምሮ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ «ተመችቶዎታል!» ይሉት ጀመር። ቀበቶው ጠበበው፤ ልብሱም አልዘጋ አለው። ስለዚህ ለሐኪሙም ለባለቤቱም ሳይናገር የመርፌውን መጠን በግማሽ ቀነሰ። በወሩ ከሳና ደስ አለው። ነገር ግን ያ መክሳት ስልቻው እንደ ገና መቀደዱ ነው እንጂ ጤና አይደለም። የከበረው ምግብ በሽንት ይፈሳል፤ ዓይኑ፥ ኩላሊቱና የእግሩ ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳሉ። ኢንሱሊኑ እጅግ ያነሰ እንደ ሆነም ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ማስታወክ፥ የሆድ ሕመም፥ የትንፋሽ መፍጠንና ድካም ይከተላሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ካልደረሰ ይሞታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት አባቶች ይህን የመሰለውን አይተው ነው።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው፤ ክብደታችሁን ለመቀነስ ብላችሁ ኢንሱሊንን አትቀንሱ፤ የኢንሱሊን ፍላጎታችሁ እንዲቀንስ ግን ክብደታችሁን ቀንሱ።

በዚህ ላይ የበሽታውን ሁለት ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓይነት፥ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ያቆመበት ነው። ይህ ያለበት ሰው ቢከሳም ቢወፍርም፥ ታሞ ምግብ እንቢ ቢለውም እንኳ፥ ኢንሱሊንን ፈጽሞ ማቋረጥ የለበትም። ሁለተኛው ዓይነት፥ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ያለበት ሲሆን፥ በሆድ ዕቃና በጉበት የተከማቸ ስብ እምቢተኝነቱን ያበረታዋል። ስቡ ሲቀልል ሰውነት መታዘዝ ይጀምራል። በ2017 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከብሪታንያ የተገለጠ አንድ ምርምር፥ በሽታው ከያዛቸው ከ6 ዓመት ያልበለጠና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎች በሐኪም ጥበቃ ምግባቸውን እጅግ አሳንሰው ሲከሱ፥ በዓመቱ ከ100 ሰው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው እንደ ተስተካከለ አሳየ። ይህ ለሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱ ወዴት እንደሆነ ያመለክታል።

ክብደትን መቀነስ ለእኛ ቀኑን በወንበር ለምንውል ሰዎች ከየት ይጀመራል? ከሻይ ብርጭቆ ይጀመራል። በቀን አራት ጊዜ፥ በየጊዜው ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ሻይ የሚጠጣ ሰው በቀን 12 ማንኪያ ስኳር ይወስዳል። ከዚያ ቀጥሎ እንጀራውን ጥቂት መቀነስ፥ በምትኩ ጎመንና ሰላጣን ማብዛት ነው። ሦስተኛው እግር ነው። በሳምንት አምስት ቀን፥ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ሰውነትን ለኢንሱሊን ያስታዝዛል። ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ለዚህ ይበቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና በአንድ ወር ለመክሳት መቸኮል አይገባም።

አሁን ልብ በሉ። ምግብ ያሳነሰና መራመድ የጀመረ ሰው፥ የቀድሞው የኢንሱሊን መጠን ሊበዛበት ይችላል። ያን ጊዜ ስኳሩ ይወርድና ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ልቡ ይመታል፤ አሳቡም ይደናገራል። በመለኪያው ከ70 በታች ሆኖ ከተገኘ፥ ወዲያው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃም በኋላ እንደ ገና ይለካ። ስለዚህ ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪስ አይጥፋ። በጾም ወራት ምግብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ የሚያቆይ ሰውም፥ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይምከር።

መጠኑን መቀነስ የሚገባ በሆነ ጊዜ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ እንዲፈርድ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። እናንተ የመሥሪያ ቤት ሰዎች መዝገብ የሌለው ጉዳይ እልባት እንደማያገኝ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ፤ የተለካውን ስኳር፥ የተወጋችሁትን መጠን፥ በሳምንት አንድ ቀንም ክብደታችሁን ጻፉበት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም መዝገቡን አቅርቡና «መርፌው አወፈረኝ» ብላችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ። ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል፤ ወይም ክብደት የማይጨምር ሌላ መድኃኒት ያክልበታል። ይህን ለመጠየቅ አፍሮ መርፌውን በስውር ከቀነሰ ሰው ይልቅ፥ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው ለልጆቹ ብዙ ዘመን ይኖርላቸዋል።