ከጨንቻ ቁልቁለት እስከ ኩልፎ ድልድይ
የአሮጌ ቮልስዋገንን የፊት ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ ስለ መለወጥ



ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ የዶርዜን የቀርከሃ ቤቶችና የእንሰት ጓሮዎች አልፎ፣ አባያንና ጫሞን ከበታቹ እያየ ይጓዛል። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ አርባ ምንጭ ግን በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገደኛው ኩልፎ ድልድይ ሲደርስ ያን ሁሉ ከፍታ ወርዶ ጨርሷል። ለዓይን ውብ የሆነው ይህ ቁልቁለት ለፍሬን ከባድ ፈተና ነው።

የፈተናው መጠን በቀላል ስሌት ሊታወቅ ይችላል። ጥቂት ሰዎችና ጓዝ የጫነች አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች እንበል። ይህች መኪና 1,400 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 13.7 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ሞተሩና የአየሩ ግፊት ድርሻቸውን ባይወስዱ፣ ይህ ጉልበት በሙሉ ሙቀት ሆኖ በአራቱ ጎማዎች ፍሬን ላይ ባረፈ ነበር። ይኸውም 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው።

ቮልስ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በዚህችው ዓይነት መኪና እንደ ነበር የማያስታውስ ጥቂት ነው። ዛሬም በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ከተሞች በርካታ ቮልሶች በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ ያለውን ጠብቆና አሻሽሎ የመያዙ ፍላጎት ይጨምራል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ስለሆነም የአሮጌ ቮልስ ባለቤት ወደ ጋራዥ መጥቶ «የፊቱን ዲስክ አድርጉልኝ» ሲል፣ መካኒኩ የተመዘነ መልስ ሊኖረው ይገባል።

በታምቡር ፍሬን ውስጥ ሁለት ሸራ የለበሱ ጫማዎች ወደ ውጭ ተከፍተው የሚሽከረከረውን ታምቡር ከውስጥ ይገፉታል። የታምቡሩ ዙረት ራሱ ጫማውን ይበልጥ ስለሚስበው፣ ሹፌሩ በትንሽ ጉልበት ብዙ ኀይል ያገኛል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከጫማው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ደግሞ የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። መኪናዋ ውኃ ተሻግራ ታምቡሩ ውስጥ ውኃ ከገባም እስኪደርቅ ድረስ ፍሬኑ አይታመንም።

ዲስክ በአንጻሩ በአየር ላይ የተጋለጠ ነው። ካሊፐሩ በሁለት ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይጨብጠዋል። ሙቀቱ ቶሎ ይበተናል፤ ውኃውም በዙረቱ ይራገፋል። ዲስኩ ሲግል የሚሰፋው ወደ ሸራው እንጂ ከሸራው ርቆ ስላልሆነ ፔዳሉ እንደ ታምቡሩ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ1953 የጃጓር እሽቅድምድም መኪና በዲስክ ፍሬን የለ ማንን ውድድር ካሸነፈ በኋላ የዚህ ዓይነት ፍሬን ጥቅም በዓለም ታወቀ። የቮልስዋገን ፋብሪካ ራሱም እ.ኤ.አ. በ1966 ለአውሮጳ ገበያ ባወጣው 1500 ሞዴል ላይ የፊት ዲስክ ገጥሟል፤ የኋላውን ግን በታምቡር አስቀርቶታል።

ይሁንና ዲስክ ሁልጊዜ በሁሉም ቦታ ይበልጣል ማለት አይደለም። የፊያት 124 አራቱም ጎማዎች ዲስክ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 መኪናይቱን ላዳ አድርገው ማምረት የጀመሩት የሶቪየት መሐንዲሶች ግን ጭቃውንና ሻካራውን መንገድ ተመልክተው የኋላውን ወደ ታምቡር መለሱት። የፊቱን በዲስክ፣ የኋላውን በታምቡር ማድረግ ለእንደኛ አገር መንገድም ተስማሚ አማካይ ነው።

ለውጡን ለመሥራት የወሰነ መካኒክ አስቀድሞ የመኪናዋን ዘመን ይመርምር። እ.ኤ.አ. እስከ 1965 አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች የፊት አካል ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ የአንዱን ዕቃ ለሌላው በብየዳ ማገናኘት ሕይወትን ለብየዳው አደራ መስጠት ነው። የቸርኬው ቡሎን ቁጥርና ርቀትም መስማማት አለበት፤ የቀድሞዎቹ ባለአምስት፣ የኋለኞቹ ባለአራት ቡሎን ናቸውና።

ቀጥሎ የሚመጣው የማስተሩ ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። ለታምቡር የተሠራ ማስተር በአብዛኛው ጥቂት ግፊት በቧንቧው ውስጥ የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ይህ ቫልቭ ሳይነሣ ዲስክ ከተገጠመ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እያሻሸ ይሄዳል፤ መኪናዋ በሜዳ መንገድ እንኳ ፍሬኗ ይግላል። ከዚህም ሌላ ዲስክ በራሱ ዙረት ስለማይታገዝ ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ ማስተሩም ለዚሁ የሚስማማ መሆን አለበት። የሚቻል ከሆነ ባለሁለት ክፍል ማስተር ይገጠም፤ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው መኪናዋን ያቆማልና። ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ የቮልስ ፊት ቀላል ነው። የፊቱ ፍሬን ከልክ በላይ ቢበረታ ጎማው በእርጥብ መንገድ ቶሎ ይቆለፍና መሪ አይታዘዝም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን የሚፈለግበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠር ፔዳሉ ባዶ ይረግጣል፤ ሹፌሮች «ፍሬን በጠሰ» ከሚሉት አደጋ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ዲስክ ገጥሞ አሮጌ ዘይትና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ መተው ሥራውን በግማሽ እንደ መተው ይቆጠራል።

አሮጌው ታምቡር ሲፈታ ደግሞ የመካኒኩ ጤና ይታሰብ። በብዙ የድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ አለ። አቧራው ለሳንባ ካንሰር ስለሚዳርግ በኮምፕረሰር መንፋት ክልክል ሊሆን ይገባል፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግና ጨርቁን አሽጎ መጣል ይሻላል።

ሥራው ሲያበቃ ፈተናው ደረጃ በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ በሜዳ ላይ በዝግታ፣ ከዚያ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው አጭር ቁልቁለት፣ በመጨረሻም በጨንቻ መንገድ ይፈተሽ። የተለወጠው ዕቃ ሁሉ በጽሑፍ ተመዝግቦ ለባለቤቱ ይሰጠው፤ ለዓመታዊው ምርመራም ሆነ ወደፊት መኪናዋን ለሚፈታ ሌላ መካኒክ ይጠቅማል።

በመጨረሻ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ጥሩ ታምቡር በሚገባ ከተስተካከለ፣ ሹፌሩም ቁልቁለቱን በወጣበት ማርሽ ከወረደ፣ አሮጌዋ ቮልስ እንደ ተሠራች ሆና ኩልፎ ትደርሳለች። በሌላ በኩል፣ ዲስክ የተገጠመላት መኪና በዜሮ ማርሽ ከተለቀቀች ሙቀቱ እዚያው ነው። ስለዚህ ለባለመኪናው «ለውጠው» ወይም «ተወው» ከማለት በፊት የትኛውን መንገድ፣ በምን ጭነት፣ በማን እጅ እንደምትሄድ መጠየቅ የባለሙያው ግዴታ ነው። ከመኪናዋ ጋር ቁልቁለቱን የሚወርዱት ቤተሰቦች ፍሬኑን አያዩትም፤ የሚያምኑት የሠራውን ሰው ነው።