ግብሩን ማን ይክፈል?
በመርጡለ ማርያም ለመራጮች የተደረገ ንግግር



ወፍጮ ቤት፣ ሻይ ቤት ወይም የጤፍ መጋዘን ላለው ሰው ስለ ግብር ክብደት እኛ ልናስረዳው አንሞክርም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት የተባለው ነገር በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስከ ማዘጋት ያደረሰ ምሬት እንዳስከተለ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ለትልልቁ ባለሀብት ግን ሌላ ሒሳብ ነበረ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2005 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 270 ለዓመታት የሚዘልቅ የገቢ ግብር እፎይታ ፈቀደ። እንደ ጋምቤላ፣ አፋርና ሶማሌ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ እፎይታው ካበቃ በኋላ ለተከታታይ 3 ዓመታት የ30 በመቶ ቅናሽ ጨመረ። ይህን አንቃወምም፤ ወደ ኋላ የቀረ ወገን መታገዝ አለበት። የምንቃወመው ክልሎች ባለሀብት ለመሻማት እርስ በርስ የሚያደርጉትን የቅናሽ ፉክክር ነው።

ሕገ መንግሥቱ የግለሰብ ነጋዴን ግብር በአንቀጽ 97 ለክልል፣ የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 98 ለፌዴራሉና ለክልሎች በጋራ ሰጥቷል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ተወስኖ የሚተወው የኩባንያ ግብር ከክልሉም ድርሻ ይጎድላል። ክልሎች በበኩላቸው የያዙት መሬት ነው። አንድ ባለሀብት ደብረ ብርሃን መጥቶ «ዱከም ላይ ከዚህ ባነሰ ይሰጡኛል» ቢል፣ ከዚያም ተመልሶ ለዱከም እንዲሁ ቢናገር፣ ሁለቱም ይቀንሳሉ። ለተነሣው ገበሬ ካሣ፣ ለመንገዱና ለውኃው መስመር የሚከፍለው የመንግሥት ካዝና ነው። ፋብሪካው ግን ያው አንዱ ፋብሪካ ነው፤ አገሪቱ የጨመረችው ነገር የለም።

በአሜሪካ ካንሳስና ሚዙሪ የሚባሉ ሁለት አዋሳኝ ክልሎች አንድን ኩባንያ ከመንገድ ማዶ ወደ መንገድ ማዶ ለማሻገር ብዙ ገንዘብ ካፈሰሱ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ይህን ለማቆም ተስማሙ። ሚዙሪ በሕግ፣ ካንሳስ በአገረ ገዥዋ ትእዛዝ አጸኑት። ይሁንና በ2016 ዓ.ም. ካንሳስ የሚዙሪን የስፖርት ቡድኖች ለመሳብ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የስታዲየም ወጪ በመንግሥት ቦንድ ለመሸፈን ሕግ አወጣች። ቀዳዳ የተተወለት ስምምነት እንዲህ ነው።

የአማራ ክልል ብቻውን ቅናሹን ቢያቆም ባለሀብቱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል ይሉናል። እውነት ነው። ስለዚህም ነው ጉዳዩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይቅረብ የምንለው። ክልሎች ከተስማሙበት የሊዝ መነሻ ዋጋ በታች ለኢንዱስትሪ መሬት እንዳይሰጥ፣ ከክልል ወደ ክልል ብቻ ለሚዛወር ድርጅትም ማበረታቻ እንዳይከፈል በሕግ እንዲታሰር እንሠራለን።

ከተማችን ከደጀን በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ከሚያልፈው መንገድ ገባ ያለች ናት። እዚህ ፋብሪካ የሚያመጣው የማይቆራረጥ መብራትና ደህና መንገድ እንጂ የግብር ምሕረት አይደለም። ብትመርጡን በየዓመቱ በጀት ሲጸድቅ በምክር ቤቱ የምናነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ባለፈው ዓመት ለየትኛው ድርጅት ስንት ብር ተተወ የሚል ይሆናል፤ መልሱም በየቀበሌው ሰሌዳ እንዲለጠፍ እናደርጋለን።